በአደጋ የሚደርስ የአንጎል ጉዳት፤ ምደባውና የስያሜዎቹ ትርጉም

በተሽከርካሪ አደጋ፣ ከከፍታ ላይ በመውደቅ፣ በድብደባ፣ በስፖርት ውድድርና በጦርነት ሳቢያ ራሳቸው ላይ ጉዳት ደርሶባቸው ወደ ህክምና ተቋማት የሚመጡ ሰዎች ቁጥር በዓለም ዙሪያ ከፍተኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2023 ይፋ ባደረገው ሪፖርት እንዳመለከተው፣ በመንገድ ትራፊክ አደጋ ብቻ በዓመት 1 ነጥብ 19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሕይወታቸውን ያጣሉ። በአደጋ ምክንያት አንጎል ላይ የሚደርስ ጉዳት ደግሞ ለሞትና ለዘለቄታ የአካል ጉዳት ከሚዳርጉ ዋነኛ ምክንያቶች አንዱ ነው።

እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ በካርዱ ላይ ከሚሰፍሩት የመጀመሪያ ቃላት አንዱ ምድቡን የሚገልጸው ነው። ጉዳቱ «ቀላል»፣ «መካከለኛ» ወይም «ከባድ» ይባላል። በዚህች አንዲት ቃል ላይ ብዙ ውሳኔዎች ይመሠረታሉ። ተጎጂው ወደ ቤቱ ይመለስ ወይስ ይተኛ፣ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ይላክ ወይስ በነበረበት ይቆይ፣ ቤተሰቡስ ተስፋ ያድርግ ወይስ ለከፋው ይዘጋጅ የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ ከምድቡ ጋር የተያያዙ ናቸው። በመሆኑም ስያሜዎቹ ምን እንደሚናገሩና ምን እንደማይናገሩ ማወቅ ለባለሙያው ብቻ ሳይሆን ለታማሚውና ለአስታማሚውም ይጠቅማል።

የቃላቱ ልዩነት

በዕለት ተዕለት አነጋገር «ጭንቅላቱን ተመታ» ሲባል የራስ ቆዳ መሰንጠቅ፣ የራስ ቅል አጥንት መሰበርና የአንጎል መጎዳት በአንድነት ሊጠቃለሉበት ይችላሉ። በህክምናው ዘርፍ ግን ሦስቱ የተለያዩ ናቸው። የራስ ቆዳ በደም ሥሮች የተሞላ በመሆኑ ጥቂት ሲሰነጠቅ ብዙ ደም ይፈሳል፤ ይሁንና ከሥሩ ያለው አንጎል ምንም ላይነካ ይችላል። በተቃራኒው ከውጭ ጭረት እንኳ የማይታይበት ሰው በራስ ቅሉ ውስጥ ሕይወቱን የሚያሰጋ ደም እየፈሰሰበት ሊሆን ይችላል።

«አንጎል» በራስ ቅል ውስጥ የሚገኘው አካል መጠሪያ ሲሆን፣ «አእምሮ» የሚለው ቃል የማሰብ፣ የማስታወስና የማመዛዘን ችሎታን ያመለክታል። የአንጎል ጉዳት የአእምሮን ተግባር ሊያውክ ይችላል፤ ሆኖም የአንጎል ጉዳትና የአእምሮ ሕመም አንድ አይደሉም። ይህን ልዩነት አለማስተዋል ከአደጋ በኋላ የባህርይ ለውጥ የታየበትን ሰው በተሳሳተ ዓይን ለማየት ሊዳርግ ይችላል።

በህክምና አገላለጽ በአደጋ የሚደርስ የአንጎል ጉዳት የሚባለው ከውጭ በመጣ ኃይል ምክንያት የአንጎል ሥራ ሲታወክ ወይም በአንጎል ላይ የሚታይ ጉዳት ሲደርስ ነው። ኃይሉ በቀጥታ የሚያርፍ ምት፣ የሚወጋ ነገር፣ የፍንዳታ ሞገድ ወይም የራስ በፍጥነት ወደፊትና ወደኋላ መናጥ ሊሆን ይችላል። ከሰውነት ውስጥ በሚነሳ ምክንያት፣ ለምሳሌ በደም ግፊት ሳቢያ በሚመጣ የአንጎል ደም መፍሰስ የሚደርሰው ጉዳት በዚህ ክፍል አይካተትም።

ምደባው የጀመረበት ዘመን

የራስ ጉዳትን በየፈርጁ መለየት አዲስ ሙያ አይደለም። አሜሪካዊው ኤድዊን ስሚዝ እ.ኤ.አ በ1862 በግብጽ ሉክሶር ከተማ የገዛውና በስሙ የሚጠራው ጥንታዊ ፓፒረስ 48 የጉዳት ዓይነቶችን ይዘረዝራል። ከእነዚህ መካከል 27ቱ የራስ ጉዳቶች ናቸው። ጽሑፉ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ዓመት ገደማ የተገለበጠ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ቅጂ ከዚያም በጣም የቆየ እንደሆነ ይታመናል። የፓፒረሱ ጸሐፊ እያንዳንዱን ጉዳት ከመረመረ በኋላ ሊታከም የሚችል፣ ብርቱ ትግል የሚጠይቅ ወይም ሊታከም የማይችል በማለት ከሦስት በአንዱ ይመድበዋል።

ከሦስት ሺህ ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላም በየድንገተኛ ክፍሉ የሚሠራበት ምደባ ባለ ሦስት ደረጃ ሆኖ መገኘቱ የሚያስገርም ነው። ይሁን እንጂ ዘመናዊው ህክምና ጉዳቱን የሚያየው ከአንድ አቅጣጫ ብቻ አይደለም። ጉዳቱ እንዴት ደረሰ፣ መቼ ደረሰ፣ የትኛውን የአንጎል ክፍል ነካ፣ ምን ያህል ከባድ ነው፣ ውጤቱስ ምን ሆነ የሚሉት ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የአመዳደብ ስልት አላቸው።

በአደራረሱና በጊዜው

በአደራረሱ ሲታይ ጉዳቱ ዝግ፣ ሰርጎ ገብ ወይም በፍንዳታ የደረሰ ተብሎ ይለያል። ዝግ ጉዳት የሚባለው የአንጎል ሽፋን ሳይቀደድ የሚደርሰው ሲሆን፣ በተሽከርካሪ አደጋና በመውደቅ የሚደርሱት አብዛኞቹ ጉዳቶች የዚህ ዓይነት ናቸው። ሰርጎ ገብ የሚባለው ጥይት፣ ፍንጣሪ ወይም ስለት የራስ ቅሉንና ሽፋኑን አልፎ አንጎል ውስጥ ሲገባ ነው። በዚህ ጊዜ ከደም መፍሰሱ ሌላ የኢንፌክሽን አደጋ ስለሚጨመር የህክምናው ቅደም ተከተል ይለያል። የፍንዳታ ጉዳት በበኩሉ በተለይ በጦርነት ወቅት ትኩረት ያገኘ ክፍል ነው።

በጊዜ ረገድ ደግሞ ቀዳሚና ተከታይ የሚባሉ ሁለት ክፍሎች አሉ። ቀዳሚ ጉዳት ምቱ ባረፈበት ቅጽበት የሚፈጠረው ነው። ይህን በህክምና ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም፤ መፍትሔው የደህንነት ቀበቶ፣ የራስ መከላከያ ቆብና የፍጥነት ወሰንን ማክበር ነው። ተከታይ ጉዳት ግን በቀጣዮቹ ሰዓታትና ቀናት የሚመጣ ነው። አንጎል ሲያብጥ ወይም ደም ሲጠራቀም፣ የራስ ቅል እንደ ሌላው አካል የማይለጠጥ አጥንት በመሆኑ በውስጡ ያለው ግፊት ይጨምራል። ግፊቱ ሲጨምር ወደ አንጎል የሚደርሰው ደም ይቀንሳል። የኦክስጅን ማነስና የደም ግፊት መውረድም ጉዳቱን ያባብሱታል። ድንገተኛ ህክምና በዋናነት የሚታገለው ከዚህ ከተከታዩ ጉዳት ጋር ነው። አንድ ተጎጂ የሚተነፍስበት መንገድ ክፍት እንዲሆን ማድረግና የደም ግፊቱ እንዳይወርድ መጠበቅ ከማንኛውም የተራቀቀ መሣሪያ አስቀድሞ የሚመጣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በአንጎል ውስጥ በሚታየው

እ.ኤ.አ በ1971 በለንደን ይገኝ በነበረው አትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል የመጀመሪያዋ ታማሚ በሲቲ ስካን ከተመረመሩ ወዲህ፣ በሕይወት ባለ ሰው ራስ ቅል ውስጥ የደረሰውን ጉዳት ሳይከፍቱ ማየት ተችሏል። መሣሪያውን የፈለሰፉት እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ እ.ኤ.አ በ1979 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ከዚህ በመነሳት ጉዳቶቹ በአንድ ቦታ የተወሰኑና የተሰራጩ ተብለው በሁለት ይከፈላሉ።

በአንድ ቦታ ከተወሰኑት መካከል ቀዳሚው የአንጎል ሥጋ መቀጥቀጥ ነው። ምቱ ካረፈበት ቦታ ሌላ በተቃራኒው በኩል ባለው የአንጎል ክፍል ላይም ሊታይ ይችላል፤ ምክንያቱም አንጎል በራስ ቅሉ ውስጥ ተንሸራቶ ከወዲያኛው ግድግዳ ጋር ስለሚጋጭ ነው።

ኤፒዱራል ሔማቶማ የሚባለው በራስ ቅልና ዱራ በተባለው ወፍራም የአንጎል ሽፋን መካከል ደም ሲጠራቀም ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው የጆሮ ግንድ አካባቢ ያለው አጥንት ተሰብሮ ከሥሩ የሚያልፈውን ደም ቅዳ ቧንቧ ሲቆርጠው ሲሆን፣ በሲቲ ስካን ምስል ላይ የምስር ፍሬ ቅርጽ ይዞ ይታያል። ይህ ጉዳት ሐኪሞች በጥብቅ የሚጠነቀቁለት አንድ ጠባይ አለው። ተጎጂው ለጥቂት ጊዜ ራሱን ስቶ ከነቃ በኋላ «ደህና ነኝ» ብሎ ይናገራል፣ ይራመዳል፤ ከሰዓታት በኋላ ግን የተጠራቀመው ደም አንጎሉን ስለሚጫነው እንደገና ራሱን ይስታል። በጊዜው ተከፍቶ ደሙ ከተወገደለት ሙሉ በሙሉ ሊድን የሚችል ሰው፣ ከዘገየ ሕይወቱን ያጣል።

ሰብዱራል ሔማቶማ ከዱራ በታች የሚጠራቀም ደም ነው። ምንጩ ብዙውን ጊዜ ከአንጎል ወደ ዱራ የሚሻገሩ ደም መልስ ሥሮች መበጠስ ሲሆን፣ በምስሉ ላይ የጨረቃ ግማሽ ይመስላል። እንደ ቆይታው አጣዳፊ፣ መካከለኛና ሥር የሰደደ ተብሎ ይከፈላል፤ ሥር የሰደደ የሚባለው ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየው ነው። በአረጋውያንና የደም ማቅጠኛ መድኃኒት በሚወስዱ ሰዎች ላይ ከቶ ከማይታወስ ትንሽ ግጭት በኋላ ሊከሰት ስለሚችል፣ የመርሳት ወይም የመንገዳገድ ምልክቱ በእርጅና የመጣ ተደርጎ የሚታለፍበት ጊዜ አለ።

ከተሰራጩት ጉዳቶች መካከል በጣም የታወቀው በተለምዶ ኮንከሽን ተብሎ የሚጠራው የአንጎል መናወጥ ነው። በዚህ ጊዜ የአንጎል ሥራ ለጊዜው ይታወካል፤ በሲቲ ስካን ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይታይም። ከዚህ እጅግ የከፋው ደግሞ አንጎል በኃይል ሲናጥ ረጃጅሞቹ የነርቭ ክሮች የሚጎተቱበትና የሚበጠሱበት ጉዳት ነው። ይህ ጉዳት በሦስት ደረጃዎች ይመደባል፤ አንደኛው በሁለቱ የአንጎል ንፍቀ ክበቦች ነጭ ክፍል የተወሰነ፣ ሁለተኛው ሁለቱን ንፍቀ ክበቦች የሚያገናኘውን ድልድይ የነካ፣ ሦስተኛው ደግሞ የአንጎል ግንድ ላይ የደረሰ ነው። ሰውየው በጥልቅ ሰመመን ውስጥ እያለ የሲቲ ስካን ምስሉ ከሞላ ጎደል ጤናማ መስሎ ሊታይ መቻሉ፣ ምስል ብቻውን ፍርድ ለመስጠት እንደማይበቃ ያሳያል።

የግላስጎው መለኪያ

ከ1970ዎቹ አስቀድሞ ሐኪሞች የታማሚውን ንቃተ ሕሊና የሚገልጹባቸው ቃላት ወጥነት አልነበራቸውም። አንዱ «ፈዟል» ያለውን ሌላው «በከፊል ራሱን ስቷል» ይለው ነበር። በመሆኑም ታማሚው ከትናንት ዛሬ ተሻለው ወይስ ባሰበት የሚለውን ጥያቄ እንኳ በእርግጠኝነት መመለስ አስቸጋሪ ነበር። በስኮትላንድ በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የነበሩት የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች ግራሃም ቲስዴልና ብራያን ጄኔት እ.ኤ.አ በ1974 ላንሴት በተባለው የህክምና መጽሔት ላይ ያወጡት መለኪያ ይህን ችግር ለመፍታት የታለመ ነበር።

የግላስጎው ኮማ ስኬል የሚባለው ይህ መለኪያ የሚጠይቀው ሦስት ነገሮችን ብቻ ነው። የመጀመሪያው የዓይን መከፈት ሲሆን ከ1 እስከ 4 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ዓይኑን በራሱ የሚከፍት 4፣ ሲጠሩት የሚከፍት 3፣ ሰውነቱ ሲጫኑት የሚከፍት 2፣ ጨርሶ የማይከፍት 1 ያገኛል። ሁለተኛው ንግግር ሲሆን ከ1 እስከ 5 ይሰጠዋል፤ ማንነቱን፣ ያለበትን ቦታና ጊዜውን የሚያውቅ 5፣ የሚናገር ነገር ግን ግራ የተጋባ 4፣ የተበታተኑ ቃላትን ብቻ የሚያወጣ 3፣ ማቃሰት ብቻ የሚሰማበት 2፣ ድምፅ የሌለው 1 ነው። ሦስተኛው የአካል እንቅስቃሴ ሲሆን ከ1 እስከ 6 ይደርሳል፤ የታዘዘውን የሚፈጽም 6፣ የሚያሳምመውን እጅ ለማስወገድ ቦታውን ለይቶ የሚከላከል 5፣ እጁን አጥፎ የሚሸሽ 4፣ እጁ ባልተለመደ ሁኔታ የሚታጠፍ 3፣ የሚገተር 2፣ ምንም የማይንቀሳቀስ 1 ያገኛል።

ድምሩ ከ3 ያነሰ፣ ከ15 የበለጠ አይሆንም። ከ13 እስከ 15 ያገኘ ጉዳቱ ቀላል፣ ከ9 እስከ 12 ያገኘ መካከለኛ፣ ከ3 እስከ 8 ያገኘ ከባድ ተብሎ ይመደባል። ከዚህ ጎን ለጎን ራስን የመሳት ጊዜና ከአደጋው በኋላ አዲስ ነገርን መመዝገብ የሚያቅትበት የመርሳት ጊዜ ይለካሉ። በስፋት በሚሠራበት መመዘኛ መሠረት ራስን መሳቱ ከ30 ደቂቃ፣ መርሳቱም ከ24 ሰዓት ካልበለጠ ጉዳቱ ቀላል ይባላል፤ ራስን መሳቱ ከ24 ሰዓት ወይም መርሳቱ ከ7 ቀን ካለፈ ከባድ ይሆናል፤ በመካከል ያለው መካከለኛ ነው።

መለኪያው መብራት፣ መሣሪያም ሆነ ገንዘብ የማይጠይቅ መሆኑ በየትኛውም አገር ተቀባይነት እንዲያገኝ አድርጎታል። ሆኖም በትክክል ካልተሠራበት ሊያሳስት ይችላል። የመጀመሪያው ስህተት ድምሩን ብቻ መያዝ ነው። ሦስቱ ነጥቦች 120 በሚደርሱ መንገዶች ሊጣመሩ የሚችሉ ሲሆን፣ ድምሮቹ ግን 13 ብቻ ናቸው። በመሆኑም አንድ ዓይነት ድምር ያላቸው ሁለት ሰዎች እጅግ በተለያየ ሁኔታ ላይ ሊገኙ ይችላሉ። ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ታማሚ የሚልክ ባለሙያ «ራሱን ስቷል» ወይም «10 አለው» ከማለት ይልቅ «ዓይን 2፣ ንግግር 3፣ እንቅስቃሴ 5» ብሎ ቢጽፍ ተቀባዩ ሐኪም ለውጡን ለይቶ ለመከታተል ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ መለኪያውን የሚያዛቡ ሁኔታዎች ናቸው። አልኮል የጠጣ፣ ማስታገሻ ወይም ማደንዘዣ የተሰጠው፣ የመተንፈሻ ቱቦ የገባለት፣ ዓይኑ አብጦ የተዘጋ ወይም የመስማት ችግር ያለበት ሰው የሚያገኘው ነጥብ የአንጎሉን ሁኔታ ብቻ አያሳይም። ሊለካ ያልቻለው ክፍል «አልተለካም» ተብሎ ይመዘገባል እንጂ 1 ነጥብ አይሰጠውም። ለሕፃናትም ንግግሩ በዕድሜያቸው የሚመጠንበት የተለየ ቅጽ አለ።

ብዙ ቋንቋ በሚነገርባት ኢትዮጵያ ደግሞ ቋንቋ ራሱ ትኩረት ይሻል። አፋን ኦሮሞ፣ ሲዳምኛ ወይም ሶማሊኛ አፉን የፈታ ታማሚ በአማርኛ ተጠይቆ ቢደናገር «ግራ የተጋባ» ተብሎ ነጥቡ ሊቀነስበት ይችላል። አስታማሚን ወይም ቋንቋውን የሚችል ባልደረባን ጠርቶ ተጎጂውን በራሱ ቋንቋ መጠየቅ እንደ ተጨማሪ መስተንግዶ የሚታይ ሳይሆን የምርመራው አካል ነው።

«ቀላል» እና «ከባድ» የሚያሳስቱበት ሁኔታ

በአጠቃላይ ወደ ህክምና ከሚመጡት የአንጎል ጉዳቶች አብዛኞቹ «ቀላል» ከሚለው ምድብ ውስጥ ይገባሉ። ቃሉ የሚናገረው ታማሚው በምርመራው ሰዓት ስለነበረው ንቃተ ሕሊና ብቻ ነው። የሚቀጥለው ሳምንት ምን እንደሚመስል አይናገርም። በአሜሪካ በ11 ከፍተኛ የአደጋ ህክምና ማዕከላት የተካሄደና እ.ኤ.አ በ2019 ውጤቱ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ጉዳታቸው ቀላል ከተባለ ታማሚዎች መካከል 53 በመቶ የሚሆኑት ከአንድ ዓመት በኋላም በዕለት ተዕለት ኑሯቸው ላይ ችግር እንዳለባቸው ገልጸዋል። ለማነጻጸሪያ በተወሰዱት፣ አንጎላቸው ሳይነካ የአጥንትና የመሰል አካላት ጉዳት በደረሰባቸው ሰዎች ዘንድ ይኸው አኃዝ 38 በመቶ ነበር። ራስ ምታት፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ ትኩረት ማጣት፣ ቁጡነትና የመርሳት ችግር በብዛት የሚታዩት ምልክቶች ናቸው። ካርዱ ላይ «ቀላል» ተብሎ የተጻፈለት ተማሪ ወይም ሠራተኛ እነዚህን ምልክቶች ሲናገር እንደ ሰነፍ ወይም እንደ አስመሳይ የሚቆጠርበት አጋጣሚ የሚፈጠረው ቃሉ ከልኩ በላይ ሲተረጎም ነው።

በሌላ በኩል «ከባድ» የሚለው ቃልም ከልኩ በላይ ተስፋ ሊያስቆርጥ ይችላል። እ.ኤ.አ በ2021 ይፋ የሆነ የዚሁ የምርምር ፕሮግራም ውጤት እንደሚያመለክተው፣ ጉዳታቸው ከባድ ከተባለ ታማሚዎች መካከል 52 በመቶ ያህሉ ከአንድ ዓመት በኋላ ቢያንስ በቤታቸው ውስጥ ለተወሰኑ ሰዓታት ራሳቸውን ችለው መቆየት የሚችሉበት ደረጃ ላይ ደርሰዋል። ከአደጋው ሁለት ሳምንት በኋላ ገና ንቃተ ሕሊናቸው ካልተመለሰው መካከልም 78 በመቶ የሚሆኑት በዓመቱ ውስጥ ነቅተዋል። ይህ ማለት ሁሉም ወደ ቀድሞ ጤንነታቸው ተመለሱ ማለት አይደለም፤ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት በተሰጠ አንድ ቃል ላይ ብቻ ተመሥርቶ ህክምናን ማቋረጥ ሊያሳስት እንደሚችል በግልጽ ያሳያል።

ምደባው የመድኃኒትን ውጤት ለመለየትም ያገለግላል። ደም መፍሰስን የሚቀንሰው ትራንኤግዛሚክ አሲድ የተባለ መድኃኒት በ29 አገሮች በሚገኙ 12 ሺህ 737 ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ በ2019 ውጤቱ ታትሟል። መድኃኒቱ በሦስት ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ጉዳታቸው ቀላልና መካከለኛ በሆነ ታማሚዎች ዘንድ በራስ ጉዳቱ ሳቢያ የሚደርሰውን ሞት ቀንሷል፤ ከባድ በሆኑት ላይ ግን ይህ ለውጥ አልታየም። በዚህ ጥናት «ቀላል» የተባሉት በሲቲ ስካን ደም መፍሰሱ የተረጋገጠባቸው መሆናቸው ደግሞ፣ 15 ነጥብ ያለው ሰው እንኳ አንጎሉ ውስጥ እየደማ ሊሆን እንደሚችል ያስታውሳል።

የስታቲስቲክስ መለያና የውጤት መለኪያ

አገሮች የጉዳቶችን ብዛት ለማነጻጸር የሚጠቀሙበት በዓለም ጤና ድርጅት የሚዘጋጀው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ነው። በአሥረኛው እትም የራስ ቅል ውስጥ ጉዳቶች በአንድ የጋራ መለያ ሥር ተሰብስበው የአንጎል መናወጥ፣ የአንጎል እብጠት፣ የተሰራጨ ጉዳት፣ በአንድ ቦታ የተወሰነ ጉዳት፣ ኤፒዱራል፣ ሰብዱራልና ሰብአራክኖይድ የደም መፍሰስ እየተባሉ ለየብቻ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። እ.ኤ.አ በ2019 የጸደቀው አሥራ አንደኛው እትም ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ይህ ምደባ ጉዳቱ ምን እንደሆነ ይገልጻል እንጂ የታማሚውን ሁኔታ ክብደት ለመለካት የተዘጋጀ አይደለም። ካርዱ ላይ «የራስ ጉዳት» ብቻ ተብሎ ሲጻፍም ጉዳዩ ባልተለየ መለያ ሥር ስለሚመዘገብ የአገሪቱ መረጃ ይደበዝዛል።

ታማሚው የደረሰበትን ደረጃ ለመግለጽ ደግሞ እ.ኤ.አ በ1975 በዚያው በግላስጎው የተዘጋጀ ሌላ መለኪያ አለ። ሞት፣ ሳይነቁ መቆየት፣ ከባድ የአካል ጉዳት፣ መካከለኛ የአካል ጉዳትና መልካም ማገገም የሚሉ አምስት ደረጃዎች ያሉት ሲሆን፣ በኋላ ወደ ስምንት ተስፋፍቷል። የመጀመሪያው ቀን ምድብና የዓመቱ ውጤት በሁለት የተለያዩ መለኪያዎች የሚገለጹ መሆናቸው አንዱን በሌላው መተካት እንደማይገባ ያመለክታል።

አዲሱ የአመዳደብ ሐሳብ

ከላይ የተገለጹትን ድክመቶች መነሻ በማድረግ ከ14 አገሮች የተውጣጡ ባለሙያዎች አዲስ የአመዳደብ ማዕቀፍ አዘጋጅተው እ.ኤ.አ በ2025 በላንሴት ኒውሮሎጂ መጽሔት ላይ አውጥተዋል። ሥራውን ያስተባበረው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የነርቭ ሕመሞች ክፍል ነው። ማዕቀፉ በሦስቱ ቃላት ፋንታ አራት ምሰሶዎችን ያቀርባል። የመጀመሪያው የሐኪም ምርመራ ሲሆን፣ የግላስጎው ነጥብ ከነዝርዝሩ፣ የዓይን ብሌን ለብርሃን የሚሰጠው ምላሽ፣ የመርሳት ጊዜና የሕመም ምልክቶች ይመዘገቡበታል። ሁለተኛው አንጎል ሲጎዳ ወደ ደም የሚገቡ ጠቋሚ ፕሮቲኖች ናቸው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ጂ ኤፍ ኤ ፒ እና ዩ ሲ ኤች ኤል 1 የተባሉትን ፕሮቲኖች የሚለካ የደም ምርመራ እ.ኤ.አ በ2018 ፈቅዷል። ሦስተኛው የሲቲ ስካን ወይም የኤም አር አይ ምስል ነው። አራተኛው ደግሞ የታማሚው ዕድሜ፣ ቀድሞ የነበረበት ሕመም፣ ጉዳቱ የደረሰበት መንገድ፣ የኑሮ ሁኔታውና ህክምና የማግኘት ዕድሉ ናቸው።

ይህ ማዕቀፍ የግላስጎውን መለኪያ አይሽረውም። ነጥቡ እንዲቆይ፣ ነገር ግን ሰውን በአንድ ቃል የሚፈርጅ ብቸኛ መስፈርት እንዳይሆን ያሳስባል። የደም ምርመራውና ምስሉ በማይገኝበት ቦታም የመጀመሪያውና አራተኛው ምሰሶ በጥንቃቄ ሊመዘገቡ የሚችሉ ናቸው።

በአገራችን የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ህክምና የስፔሻሊቲ ሥልጠና እ.ኤ.አ በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ተጀምሮ ሐኪሞችን በማፍራት ላይ ይገኛል። ይሁንና የተጎጂው ዕጣ የሚወሰነው ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሐኪሙ ጋ ከመድረሱ በፊት ባሉት ሰዓታት ነው። በጤና ጣቢያ በየተወሰነ ደቂቃ የሚመዘገብ ነጥብ ማሽቆልቆሉን ቀድሞ ይጠቁማል፤ ድምሩ በ2 እና ከዚያ በላይ ከቀነሰ ታማሚው በአስቸኳይ እንደገና ሊታይ ይገባል።

ጉዳቱ ቀላል ተብሎ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ብቻውን እንዳይሆን ይመከራል። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ለመንቃት ካስቸገረ፣ ንግግሩ ከተሳሰረ ወይም ግራ ከተጋባ፣ አንድ ጎኑ ከዛለ፣ ሰውነቱ ከተንቀጠቀጠ፣ የዓይን ብሌኖቹ መጠን ከተለያየ፣ ከአፍንጫው ወይም ከጆሮው ንጹህ ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ከወጣ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መመለስ ያስፈልጋል። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ ከታየ የመጀመሪያው ምድብ «ቀላል» መሆኑ ለመዘግየት ምክንያት ሊሆን አይገባም፤ ምድቡ የተሰጠው በዚያች ሰዓት ለታየው ሁኔታ ነውና።